ሊቀ አጋዘን ዝም ያሉ ዕለት

ዝናቡ ያባራበት ሰሞን ነበር። ሣሩ ወዝቶ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠርቶ፣ ደስታ ያለ ምክንያት ሰውን የሚኮረኩርበት ጊዜ። የኔ ቤት ብቻ ጭር ብሏል።

ድስት ጥዶ ሳያውቅ ባለሙያ ሴት የሚያስተምር ወንድ የሌለበት ሰፈር እስካሁን አላየሁም። የኛው ጫማ ሰፊ ነበሩ። አዳኝ ወንድማቸው በየዓመቱ የአጋዘን እግር ስለሚልክላቸው ‹ሊቀ አጋዘን› ብለን ሾምናቸው። ጉልበቱን ላመመው አጋዘን፣ ፈተና ለወደቀ አጋዘን፣ ባሏ ላኮረፋት አጋዘን። “ስብ የለው፣ ብረት የሞላው” ይላሉ ሶል እየመቱ። አንዴ ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ለሐኪሙ ስለ አጋዘን መረቅ አስተምረውት ወጡ። ጥርሱ እስካሁን አለ።

ያኔ ልጄ ወልዳ ደሟ አንሶ ነበር። ጤና ጣቢያው ሥጋ ትብላ ይላል፤ እሷን ደግሞ የስብ ሽታ ያቅለሸልሻታል። ሁለት ሳምንት በሻይ ከረመች። ፊቷ ወረቀት መሰለ። ሕፃኑን ታቅፌ ከአልጋዋ አጠገብ እውላለሁ።

ሊቀ አጋዘን ይህን ሰምተው የዓመቱን የአጋዘን ታፋ ከነቅልጥሙ ተሸክመው መጡ። “ዛሬ የማበስለው እኔ ነኝ።”

ነጩን ሽፋን ገፈፉ፤ ሥጋውን ስስ ስስ አድርገው ቆረጡ፤ የጋለው መጥበሻ ላይ ጣል አደረጉት። “ይኸውልሽ ልጄ፣ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል። ገባ ወጣ ነው። እሳት ላይ የረሳው ሰው...” የረሳው ሰው ምን እንደሚገጥመው ሲያብራሩ ሥጋው ከሰለ።

“አባባ፣ ይኼ ሶሉ ነው ተረከዙ?” አለች ልጄ ከአልጋዋ። ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅልጥሙ ተርፎ ነበር። በሽንኩርትና በካሮት፣ በዝግተኛ እሳት ጣድኩት። “ጋሼ፣ ይኼ እስኪበስል አንዲት ቃል ከተነፈሱ ከቤቴ ይወጣሉ” አልኳቸው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ እኚያ ሰው ዝም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ድስቱ ትክ ትክ ባለ ቁጥር ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ። አረፋውን ስገፍፍ አንዴ ጣታቸውን አነሡ። አየኋቸው። መለሱት።

ልጄ መረቁን ቀመሰች። ደገመች። ሥጋው በማንኪያ ከአጥንቱ ሲላቀቅ እሱንም በላች። “እማ፣ ጨምሪልኝ” አለች።

ዞር ስል የሊቀ አጋዘን ዓይን እንባ ሞልቷል።

“በሉ እሺ፣ ይናገሩ” አልኩ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ጨው አንሶታል።”

ስንት ጎረቤት አየሁ፤ ለልጄ ብሎ እንደዚያ የተቸገረልኝ የለም። ኋላ ዓይናቸው ደከመና መስፋቱን ተዉ። አሁን ታናሽ እህታቸው ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው የሚኖሩት።