በዐይኑ ዓ

በየከተማው ፊደል የሚያርም አንድ ሰው አይጠፋም። የደባርቁ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ። ልኳንዳው «ስጋ ቤት» ብሎ በእሳቱ ሰ ስለጻፈ ሁለት ፋሲካ ሥጋቸውን ከዳባት አስመጡ። የሠርግ ጥሪ ስማቸው በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ከደረሳቸው «እኔን አልጠሩኝም» ብለው ይቀራሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘንተኞቹን ሳያጽናኑ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በእስክሪብቶ ያርማሉ። «ፊደሏ ታለቅሳለች» ይላሉ።

በእሳቸው ከሁሉ የተማረረችው ሸጊቱ ናት። ኢንተርኔት ቤት አላት፤ ድረ ገጽም ትሠራለች። ታፔላዋን ስንት ጊዜ አስቀይረዋታል።

ለአንድ ክሊኒክ የሠራችው ገጽ ቀላል ነበር። ስም ሲጻፍለት፣ ከተኙት ሕሙማን ስሞች መካከል መኖሩን አይቶ «አለ» ወይም «የለም» ይላል።

አንድ ረፋድ አውቶቡስ ሊማሊሞ ገደል ላይ ተገለበጠ። የመሪጌታ አንድ ልጅ ዓለምብርሃን ተሳፍሮበት ነበር። የክሊኒኩ በር ተጨናንቆ፣ ዘበኛው ሰዉን ሁሉ ወደ ሸጊቱ ይመልሳል። መሪጌታም መጡና ስሙን ፊደል በፊደል ነገሯት። ጻፈችው።

«የለም» አለ ገጹ።

«እንግዲያው ገደሉ ውስጥ ነው» ብለው ተነሡ።

ሸጊቱ እጃቸውን ያዘች። «መሪጌታ፣ ይኼ ማሽን ድምፅ አይለይም፤ ፊደሉ ካልገጠመ የለም ነው የሚለው። መዝጋቢው በአልፋው አ ጽፎት እንደሆነስ?»

«እንደዚያ ተብሎ የሚጻፍ ልጅ የለኝም።»

መቃኑን ተደግፈው ቆሙ። ቆይተው ግን ተመልሰው ተቀመጡ። «ጻፊው» አሉ ቀስ ብለው። «እንዳሻቸው ይጻፉት፤ ብቻ ይኑር።»

«አለ» አለ ገጹ።

ተያይዘው ሮጡ። ልጁ አባቱን አወቃቸው፤ እጃቸውን እንደያዘ ጥቂት ተነጋገሩ። ወደ ጎንደር የሚወስደው መኪና ሳይደርስ አረፈ።

አርባው ካለፈ በኋላ ሸጊቱ ገጹን አሻሻለችው፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት አንድ አድርጎ እንዲፈልግ። መሪጌታ ሲመጡ እየፈራች ነገረቻቸው።

«ለፍለጋው አንድ ይሁኑ» አሉ። «ማንም አባት በፊደል ምክንያት አይመለስ። ሲጻፍ ግን ዓለምብርሃን በዐይኑ ዓ ነው።»

ሲወጡ ጀርባቸው መጉበጡን አየች። እንባዋን ጠርጋ የክሊኒኩን መዝገብ ከፈተችና፣ ከእንግዲህ ማንም የማይፈልገውን ያንን ስም አግኝታ አቃናችው።