በጎረቤታቸው ሽንት የቀኑት ሰው

ሰው የሆነ ሁሉ ይቀናል። በየሰፈሩ ግን ቅናትን እንደ መደበኛ ሥራ ይዞ፣ ማለዳ ተነስቶ የሚሰማራበት አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጎረቤት ቤቱን ቀለም ሲያስቀባ እንቅልፍ የሚያጣው፣ የሰው ልጅ ፈተና ሲያልፍ "ዘንድሮ ፈተናው ቀላል ነበር አሉ" የሚለው፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ "ለእኔስ ይሄን ያህል ሰው ይመጣ ይሆን?" እያለ ለቀስተኛውን በዓይኑ የሚቃኘው እሱ ነው። ካርቱም ውስጥ፣ ጀሪፍ ሰፈር፣ ይህንን ሹመት ያለ ተፎካካሪ ይዘው የኖሩት ክቡር ጋሽ ክንፉ ናቸው።

ጋሽ ክንፉ ድሮ ጎንደር የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በቀይ ሽብር ዘመን ነፍሳቸውን ይዘው በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ። ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚም፣ ጸሐፊም፣ የመጋዘን ኃላፊም ሆነው ሠርተዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተለወጠች አንዲት አነጋገር አለቻቸው፤ "እሱ ምን አለበት!" ጎረቤት ባጃጅ የምትሉትን አዲስ ሪክሻ ቢገዛ፣ "እሱ ምን አለበት! ወንድሙ ጂዳ ነው።" አንዱ ሪያድ ሰፈር ቪላ ጥበቃ ቢቀጠር፣ "እሱ ምን አለበት! ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ።" አንድ ጊዜ ማዮ ሰፈር የሚኖር ወዳጃቸው ወባ ይዞት ሊጠይቁት ሄዱ። በሽተኛው ብርድ ልብስ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ "ሞቼ ተነሳሁ" ቢላቸው፣ "አንተ ምን አለብህ! ያንተ ወባ ብቻ ነው። እኔን ወባና ታይፎይድ ተጋግዘው ነው የጣሉኝ" ብለው አጽናኑት።

ከሰው ሁሉ አብልጠው የሚቀኑት ግን በሻምበል ጀምበሬ ነበር። ሻምበል የደርግ መኮንን ነበሩ። ጋሽ ክንፉ ደርግን ሸሽተው ሱዳን ገብተው፣ ቤት ይዘው፣ ከለመዱ በኋላ ደርግ ወደቀና ሻምበል በተራቸው ሸሽተው በዚያው በመተማ በኩል መጡ። ይባስ ብለው ጀሪፍ፣ እዚያው መንገድ ላይ ቤት ተከራዩ። "ስሸሸው የኖርኩት ሰውዬ ተከትሎኝ መጣ!" ይሉ ነበር ጋሽ ክንፉ። እሱስ ይሁን። ያንገበገባቸው ሰው ሁሉ ሻምበልን መውደዱ ነው። ሰርግ ላይ የሚመርቁት ሻምበል፣ የተጣላ የሚያስታርቁት ሻምበል። ደግሞ ሳቃቸው! ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። የጋሽ ክንፉ ባለቤት እትዬ ሐመልማል ሳይቀሩ አንድ ቀን "ሻምበል እኮ ልባቸው ንጹሕ ነው" አሉ። ጋሽ ክንፉ የዚያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

ደቡብ ሱዳን ተገንጥሎ ኑሮ በተወደደ ሰሞን፣ ያ ንጹሕ ልብ ደከመ። ሻምበል እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገቡ። ጋሽ ክንፉ ወሬውን ሲሰሙ "እሱ ምን አለበት! አገር ምድሩ ሊጠይቀው ይጎርፋል" አሉ። ብዙም ሳይቆይ የእሳቸውም ልብ ደከመና እንደዚያው አብጠው በሪክሻ ተወሰዱ። በክፍሉ ውስጥ ክፍት የነበረው አልጋ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ የሻምበል አጠገብ ያለው።

ልብ ሲደክም ውሃ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ እግር ላይ፣ ከዚያ ሆድ ላይ፣ በመጨረሻ ሳንባ ላይ። ለዚህ የሚሰጠው ላዚክስ የሚባል መርፌ ኩላሊትን ቀስቅሶ ውሃውን በሽንት ያስወጣል። ስለዚህ በዚያ ክፍል የሰው ክብር የሚታወቀው በሽንቱ ነበር። እያንዳንዱ በሽተኛ አልጋው ሥር ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ መለኪያ አለው። ቀትር ላይ፣ ዶክተሩ ከመዞሩ በፊት፣ ነርሷ ሉጥፊያ መለኪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ታደርግና ድምጿን ሳትቆጥብ ታውጃለች።

"ሻምበል! ሁለት ሊትር ተኩል! ሙምታዝ!" ሙምታዝ ማለት እጅግ በጣም ጥሩ ነው፤ ሻምበል ደግሞ የሰውዬው ስም መስሏታል።

ክፍሉ በሙሉ "ማሻአላህ!" ይላል። ሻምበልም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ተሸላሚ ጎንበስ ይላሉ።

"ዓሚ ክንፉ..." ሉጥፊያ መለኪያውን ዘንበል፣ ቀና ታደርገዋለች። "ሽወያ። ኢንሻአላህ ነገ።"

ዓሚ ማለት አጎቴ፣ ሽወያ ማለት ትንሽ ማለት ነው። ለጋሽ ክንፉ ደግሞ ትንሽ መባል ከበሽታው ይብሳል።

ዶክተር አብዱልወሃብ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አስረዳቸው። "ያ ዓሚ፣ ይህ መድኃኒት የሚሠራው ኩላሊት ውስጥ ሲገባ ነው። የሻምበል ኩላሊት ቶሎ ይቀበለዋል። የእርስዎ ግን ስለደከመ ትንሹን መርፌ አይሰማም። ደምዎን እየመረመርን፣ ሽንትዎን እየለካን፣ መጠኑን ከፍ እናደርጋለን። የክብደት ሚዛናችን ተበላሽቷል፤ የምንተማመነው በዚህ መለኪያ ብቻ ነው። ገባዎት?"

ጋሽ ክንፉ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰሙት "የሻምበል ኩላሊት" የሚለውን ብቻ ነበር። ሰውዬው በኩላሊቱም ተመሰገነ!

እትዬ ሐመልማል በየቀኑ ጨው የሌለው ሽሮና በቀረፋ የተፈላ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ። ውሃ ስለተከለከሉ ለሁለቱም የሚፈቀደው አንዳንድ ትንሽ ብርጭቆ ነው። እትዬ ሐመልማል ታዲያ መጀመሪያ የሚቀዱት ለሻምበል ነው። "ሚስት የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሰው ናቸው" ይላሉ። ለጋሽ ክንፉ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ ሚስት የሞተበት ሰው እንኳ ለማስቀናት አላነሰም።

አንድ ቀን ሻይዋን ሳይጠጧት፣ መለኪያቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ግድግዳ ተደግፈው ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዱ። እዚያ ለመታጠቢያ የሚቀመጥ ኢብሪቅ የሚሉት የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ አለ። የካርቱም የቧንቧ ውሃ በበጋ ቀትር ላይ እጅ ያቃጥላል፤ ይህን ተንኮል ብርድ አገር የሚኖር ቀናተኛ አያስበውም። ለብ እስኪል ጠብቀው መለኪያው ውስጥ ገለበጡት። ለቀለሙ ደግሞ የሚስታቸውን ሻይ ጨመሩበት።

"ዓሚ ክንፉ!" አለች ሉጥፊያ ዓይኗን ማመን አቅቷት። "ሁለት ሊትር! ሙምታዝ!"

"ማሻአላህ!" ክፍሉ አስተጋባ። ሻምበል ራሳቸው አጨበጨቡ። "ጎሽ መምህር! ያዝ እንግዲህ!" ጋሽ ክንፉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ይህችን ሰላምታ ሲለማመዷት ሰንብተዋል።

ዶክተሩ መጣና የደም ምርመራውን አየ። የኩላሊታቸው ድካም ብሷል፤ ሽንቱ ግን ብዙ ነው። "ከልክ በላይ አድርቀናቸዋል ማለት ነው" አለ። እግራቸውን ጫን ብሎ አየ፤ ጣቱ ጎድጓዳ ትቶ ቀረ። ግንባሩን ቋጠረ፤ ግን መለኪያው ሁለት ሊትር ይላልና መርፌውን ቀነሰው።

በማግስቱም ኢብሪቅ፣ በማግስቱም ሙምታዝ። ክብሩ እየጨመረ ሲሄድ ትንፋሹ ያጥር ጀመር። በአንድ ትራስ ይተኙ የነበሩት ሰውዬ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ደረቡ፤ ከዚያ ወዲያ መተኛትም ቀረ። "እሱ ምን..." ብለው ጀምረው ትንፋሽ አንሷቸው "አለበት" የምትለው ታመልጣቸዋለች። ፈርተዋል። ግን እውነቱን ቢናገሩ ያ ሁሉ ማሻአላህ ሊቀማ ነው፤ ያውም ሻምበል ፊት።

የሻምበል ዓይን ግን አንድ ነገር አይቷል። ጋሽ ክንፉ ሻይ ይቀዳላቸዋል፣ አይጠጡም፤ ብርጭቆው ግን ባዶ ነው። አንድ ቀትር ላይ፣ ጋሽ ክንፉ ከመጸዳጃ ቤት ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያቃስቱ፣ ሻምበል ሆን ብለው "መምህር፣ ጣና ሐይቅ ከአባያ ያንሳል አይደል?" አሏቸው።

ጋሽ ክንፉ መልስ አልሰጡም።

"መምህር፣ ዓባይ እኮ የሚነሳው ከአዋሽ ነው።"

ዝም። የሻምበል ፊት ተለወጠ። ይህ ሰውዬ እንዲህ ያለ ስሕተት ሰምቶ ዝም ካለ ሊሞት ነው ማለት ነው።

"ዶክተር!" አሉ ሻምበል፣ በዚያ በሰልፍ ሜዳ ድምፃቸው። "ና፣ የዚህን ሰውዬ መለኪያ አሽተው!"

"ምን?"

"አሽተው ነው የምልህ!"

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ሉጥፊያም አሸተተች። ተያዩ።

"ቂርፋ" አለች ሉጥፊያ። ቀረፋ ነው።

ፔርሙዛቸውን ይዘው በር ላይ የደረሱት እትዬ ሐመልማል እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ክንፉ! በእኔ ሻይ?"

ዶክተሩ አልሳቀም። "ያ ዓሚ፣ በዚህ ሻይ ምክንያት መድኃኒትዎን ቀነስኩ። ኩላሊትዎ የታመመው ደርቆ ሳይሆን በውሃ ታፍኖ ነው። ውሃው አሁን ሳንባዎ ገብቷል። መድኃኒቱን በትልቁ መጠን፣ በጠብታ እጀምራለሁ። በዚህ ካልሸኑ የሚቀረን የኩላሊት እጥበት ነው፤ እሱን ደግሞ ልብዎ ይቻለው አይቻለው አላውቅም።"

እትዬ ሐመልማል ማልቀስ ጀመሩ። ጋሽ ክንፉ ግን ያለችውን ትንፋሽ አጠራቅመው ወደ ሻምበል ዞሩ። "ጠቋሚ! ዛሬም... ትጠቁማለህ! ያኔ የጀመርከውን... ጨረስከው!"

"ያኔ እኔ ኦጋዴን ምሽግ ውስጥ ነበርኩ" አሉ ሻምበል ቀስ ብለው። "በሰው ላይ ጠቁሜ አላውቅም። የመጀመሪያዬ አንተ ነህ።"

ጠብታው ተጀመረ። ጋሽ ክንፉ ቁጭ እንዳሉ ጠበቁ። በዕድሜያቸው በብዙ ነገር ቀንተዋል፤ በቤት፣ በሪክሻ፣ በለቅሶ ድንኳን። ያን ዕለት ግን የቀኑት በትንፋሽ ነው። ሻምበል ዝም ብለው፣ ሳያስቡት፣ እየተነፈሱ ነበር። እንዲህ ያለ ተራ ነገር! እትዬ ሐመልማል እግራቸውን ይዘው ይጸልያሉ። ሲመሽ ኩላሊታቸው ሰማ። መጀመሪያ ሽወያ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ መለኪያውን ማቀበል ራሱ ሥራ ሆነ። ሲነጋ ጋሽ ክንፉ በአንድ ትራስ ተኝተው ነበር።

ከእንቅልፋቸው ነቅተው መጀመሪያ ያዩት አልጋቸው ሥር ያለውን መለኪያ ነው። እስከ አፉ ሞልቷል። ኢብሪቅ የለበት፣ ሻይ የለበት፣ የራሳቸው ላብ፣ ማለት የራሳቸው ሽንት! ሻምበልን የሚያሳፍሩበት ንግግር ወዲያው በአእምሯቸው ተሰናዳ። ዘወር አሉ።

የሻምበል መለኪያ በፎጣ ተሸፍኗል።

ሉጥፊያ ለዶክተሩ በሹክሹክታ ስትነግረው ሰሙ። የሻምበል ኩላሊት ከትናንት ጀምሮ ደክሟል፤ የለመደው መርፌ አልሠራም፤ እግራቸውም እንደገና አብጧል። ዶክተሩ "መጠኑን ከፍ እናደርጋለን" ብሎ ሲሄድ ሻምበል ጣራውን እያዩ ነበር። ጠያቂ መጥቶ ሲሄድ አንድ ጊዜም አልሳቁም። ጋሽ ክንፉ ከዚህ በፊት ያን ሳቅ ላለመስማት ትራስ ጆሯቸው ላይ ይጭኑ ነበር። አሁን ክፍሉ ጭር አለባቸው።

"መምህር" አሉ ሻምበል ሳይዞሩ። "ስንት ሞላልህ?"

ያቺ በዕድሜያቸው ሙሉ ሲጠብቋት የኖሩት ጥያቄ መጣች። ንግግሩ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነው።

"ሽወያ" አሉ ጋሽ ክንፉ።

"አንተም?"

"እኔም።"

ሻምበል ትንሽ እፎይ አሉ። "እንግዲህ አብረን ነን" አሉ።

ይህን ጊዜ ሉጥፊያ መጣች። ዓይኗ መለኪያው ላይ እንዳረፈ ብድግ አድርጋ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገችው። "ዓሚ ክንፉ! ሦስት ሊት..."

"ውሃ ነው!" ብለው ጮኹ ጋሽ ክንፉ።

ክፍሉ በሙሉ ዞር ብሎ አያቸው።

"ውሃ ነው አልኩሽ። ከቧንቧ... ጨምሬበት ነው።"

ሉጥፊያ መለኪያውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቀረፋ የለም፤ ሌላው ሁሉ አለ። ጋሽ ክንፉን አየቻቸው፤ እሳቸው በዓይናቸው ፎጣውን ጠቆሟት። "ዓይብ! ነውር ነው ያ ዓሚ! በዚህ ዕድሜ!" ብላ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ ተቆጣቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ትክክለኛውን ቁጥር ጻፈች። ወደ ሻምበል መለኪያ ሄዳ ፎጣውን ስታነሳ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ኢንሻአላህ ነገ" አለቻቸው።

ሻምበል አልሰሟትም። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። "ዛሬም?" አሉ። "ከትናንቱ በኋላ? ዛሬም ውሃ?" ከዚያ ያ ሳቅ መጣ፤ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው። አሳላቸው፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ደግመው ሳቁ። "መምህር፣ አንተ እኮ ሰው አትሆንም! ሐመልማል ትምጣና ትስማልኝ! ከዛሬ ጀምሮ ሻዩ ለእኔ ብቻ ይቀዳ!"

ክፍሉም አብሮ ሳቀ። ጋሽ ክንፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና የአንሶላውን ጫፍ ስበው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"እሱ ምን አለበት" አሉ ለራሳቸው። "ይስቃል።"