የ«ብርቱ እግር» ማኅበር ስድሳ ሁለት አንቀጾች

በዓለም ላይ የእግር ጉዞ ማኅበር ሞልቷል። አብዛኞቹ ግን መሠረት የላቸውም፤ ሰዎቹ ይሰበሰቡና ዝም ብለው ተነሥተው ይሄዳሉ። በእስራኤል አገር፣ በረሆቮት ከተማ የተቋቋመው «ብርቱ እግር» የአረጋውያን የእግር ጉዞ ማኅበር እንዲህ ያለውን መረን የለቀቀ አካሄድ ገና ከጅምሩ አወገዘ። በሁለት ሺህ ስድስት፣ በፋሲካ ማግስት፣ ከሄርዝል ጎዳና ጀርባ ባለው የአረጋውያን ክበብ፣ በአገሩ አጠራር ሞዓዶን፣ ተመሠረተ። በሰባት ወር ውስጥም ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ክብ ማኅተምና ስድሳ ሁለት አንቀጽ ያለው ደንብ አወጣ። የቀረው ጉዞ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ይደርሳል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል፣ እንቁላሉ መቼ እንደሚነሣ የተናገረ የለም።

ማናለሽ ወደዚህ የተከበረ ማኅበር የገባችው ክብር ፈልጋ አልነበረም። ስኳር አስፈራርቷት ነው። ሃያ ዓመት በብርቱካን ማሸጊያ ቤት ቆማ ስትሠራ ምንም ያላላት በሽታ፣ ጡረታ ወጥታ ሁለት ዓመት ብትቀመጥ ከተፍ አለ። የክሊኒኩ ነርስ ሻሮን፣ «እናቴ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ካልሄዱ መርፌ ልንጀምር ነው» አለቻት። መርፌ! የማናለሽ ታላቅ እህት በመርፌ ጀምራ፣ አንድ እግሯን ተቆርጣ ነው ያረፈችው። ነርሷ እግር የሚቆርጠው በሽታው እንጂ መርፌው አይደለም ብላ ብትምል ብትገዘት ማናለሽ አልሰማቻትም። ከክሊኒኩ ወጥታ በቀጥታ ሄዳ ተመዘገበች።

ሊቀመንበሩ አያ ባዘዘው በአንድ ግምጃ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ቁልፍ ይዞ የኖረ፣ ያለ ፊርማ ምስማር የማያወጣ ሰው ነበር። ማናለሽ በተገኘችበት የመጀመሪያ ስብሰባ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ።

«አንቀጽ ዘጠኝ። ማንኛውም አባል በዕድሜም ሆነ በማዕርግ ከሚበልጠው ሰው ቀድሞ መራመድ ክልክል ነው። አንቀጽ አሥር። በመንገድ ላይ የሚያውቁት ሰው ቢያጋጥም ማኅበሩ በሙሉ ቆሞ የሰውየውን ጤና፣ የልጆቹን ጤና፣ ጎንደር የቀሩትን ዘመዶቹን ነገር እስከ መጨረሻው ይጠይቃል...»

«አያ ባዘዘው፣ መቼ ነው የምንሄደው?» አለች ማናለሽ።

«አንቺ ማናለሽ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ወደዚህ አገር ለመምጣት በእግራችን ሱዳን ስንወርድ ማን ደንብ አነበበልን? ወር ሙሉ ሄድን እኮ!»

ባዘዘው መነጽሩን አወለቀ። «ያ ያለ ደንብ የተካሄደ ነው። በማኅበሩ መዝገብ አይያዝም።»

ጸሐፊው ውብነህ «አይያዝም» ብሎ መዝገቡ ላይ ያዘው።

የመጀመሪያው ጉዞ ቀን አሥራ ሰባት አባላት አዳዲስ ነጭ ጫማ አድርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሞዓዶኑ በር ላይ ተሰለፉ። ከሁሉም ታላቅ ቄስ ንብረት ነበሩ፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም፣ ምላሳቸው ግን ይታዘዛል።

«ቄስ ንብረት፣ ይቅደሙ» አለ ባዘዘው።

«ሊቀመንበሩ እያለ? መሪው አንተ፤ ያላ፣ ውጣ።»

«ለቄስ ጀርባዬን ልስጥ? በሞቴ ይቅደሙ!»

«እኔ ከቀደምኩ ሁላችሁም እዚሁ መሸባችሁ። ወጣት ትቅደም።»

ወጣት የተባለችው የስድሳ ሦስት ዓመቷ ማናለሽ ነበረች። ደስ ብሏት አንድ እግሯን አነሣች። «አንቀጽ ዘጠኝ!» አለ ውብነህ፤ እግሯን መለሰች። እንዲህ ሲግደረደሩ አርባ ደቂቃ ሆነ። በመካከሉ አንድ የሚያውቁት ሰው በማዶ አለፈ፤ ጠርተው ከነዘር ማንዘሩ ጠየቁት። ፀሐይ ሲበረታ ሁሉም ተመልሰው ገቡና ለደከመ ሰውነታቸው ቦሬካስ የሚሉት ባለ አይብ ሳምቡሳና የብርቱካን ጭማቂ ተሰጣቸው። በመዝገቡም «ጉዞው በታላቅ መከባበር ተፈጸመ» ተብሎ ተጻፈ።

እንዲህ ያሉ አራት ታላላቅ ጉዞዎች ተካሄዱ። በአምስተኛው ማኅበሩ በሩን አልፎ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ደረሰ። እዚያ አግዳሚ ወንበር ስለነበረ ከዚያ ማለፍ አላስፈለገም።

ማናለሽ ክሊኒክ ሄደች። ሻሮን ወረቀቱን አየችና ግንባሯን ቋጠረች።

«እናቴ፣ ስኳርዎ ጨምሯል። አይሄዱም እንዴ?»

«የእግር ጉዞ ማኅበር አባል ነኝ።»

«ዮፊ፣ ግሩም ነው! ስንት ኪሎ ሜትር ደረሳችሁ?»

«ስድሳ ሁለት አንቀጽ።»

ሻሮን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንድ ወር ተኩል እሰጥዎታለሁ። ካልቀነሰ መርፌ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ልመና የለም፣ ቤሰደር፣ እሺ?»

በማግሥቱ ጠዋት ማናለሽ ጫማዋን አጠበቀችና ብቻዋን ወጣች። ማንም «ይቅደሙ» አላላትም፤ ስለዚህ ሄደች። ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ደርሳ ስትመለስ ላቧ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ውብነህ ከአውቶቡስ መስኮት አያት።

የማኅበሩ ቫዓድ ወይም ኮሚቴ፣ ማለትም ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና በዕድሜ የከበሩት ቄስ ንብረት፣ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ክሱ ከባድ ነበር።

«አንድ ሰው አይደለም የቀደመችው» አለ ባዘዘው። «ሁላችንም ተቀምጠን ሳለ በመሄዷ አሥራ ስድስት ሰው ቀድማለች!»

«እኛም ብንነሣስ?» አሉ ቄስ ንብረት።

«የመነሣት ጉዳይ በአጀንዳው የለም።»

ማናለሽ እንድትባረር ተወሰነ። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት። አሁን ማድረሱ ቀረ፤ ፍዳው የጀመረውም እዚህ ላይ ነው። ቤቷ እንዳይሄዱ፣ ሦስት ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ የሰው በር ካንኳኳ መርዶ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ እሪ ይላል። በፖስታ እንዳይልኩ ደንቡ በእጅ ይሰጥ ይላል። ስለዚህ መንገድ ላይ ትያዝ ተባለ። ግን በመንገድ ላይ የሴት ስም እየጠሩ መጮኽ ነውር ነው። ሽማግሌ አይሮጥም። ወረቀትም ፊት ለፊት፣ በሁለት እጅ እንጂ ከኋላ አይወረወርም። እንግዲህ የቀረው አንድ ዘዴ ነው፤ በክብር እየተራመዱ መድረስ።

ጎረቤቷ ዘቢደር የማኅበሩ አባል ነበረችና ወሬውን ስልክ ደውላ ነገረቻት። ማናለሽ ተቀምጣ አለቀሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ብላ የምትቀላቀለው እነዚያኑ ነበር፤ ደግሞ በስተርጅና መባረር ያሳፍራል። ካለቀሰች በኋላ ፊቷን ታጠበችና ጫማዋን አደረገች። መርፌው ለቅሶዋን አይጠብቅላትም።

በማግሥቱ ሄርዝል ጎዳና ላይ ዞር ብትል ሦስቱ ከኋላዋ ናቸው፤ ቄስ ንብረት በከዘራ፣ ባዘዘው ሰነድ ታቅፎ፣ ውብነህ ላቡን እየጠረገ። እሷም በቀጣዩ መታጠፊያ ታጠፈች። ሸሸች ለማለት ያስቸግራል፤ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ቄሱን መቅደም ክልክል በመሆኑ የቫዓዱ ፍጥነት የቄሱ ጉልበት ነበር።

«ቄስ ንብረት፣ እባክዎ ትንሽ ፈጠን ይበሉ፤ አመለጠችን» አለ ባዘዘው።

«ደንቡን የጻፍከው አንተ ነህ፤ እኔን ምን ታደርገኛለህ?» አሉና ግን ፈጠን አሉ።

በየቀኑ ሆነ። እሷ ማርሞሬክ፣ እነሱ ማርሞሬክ። እሷ ቂርያት ቫይዝማን፣ እነሱ ቂርያት ቫይዝማን። በዚያ የመስታወት ሕንፃዎች መካከል አንዲት ባለ ነጠላ ሴት ቀድማ፣ ሦስት ሽማግሌ ተከትለው ሲያልፉ ያየ ጠባቂ ውብነህን አስቆመው።

«ምንድን ነው፣ ሃፍጋና? ሰላማዊ ሰልፍ ናችሁ?»

«አይደለም። እያባረርን ነው።»

«ከሥራ?»

«ከእግር ጉዞ!» ብሎ ውብነህ እየገሰገሰ አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ቄስ ንብረት ከዘራቸውን በብብታቸው ይዘውት ይሄዱ ጀመር። የባዘዘው ቀበቶ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት። የሚያውቁት ሰው ሰላም ሲላቸው «በሥራ ላይ ነን!» እያሉ ያልፋሉ። ይህን ሁሉ ግን ማንም ጉዞ ብሎ አልጠራውም፤ በመዝገቡ ላይ «ውሳኔን የማስፈጸም ተግባር» ይባል ነበር።

ቀኑ ደረሰና ማናለሽ ክሊኒክ ገባች። ሻሮን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እናቴ፣ ወርዷል! መርፌው ቀርቷል።»

ማናለሽ ነርሷን አቅፋ ግራና ቀኝ ሳመቻት። ከደስታዋ ብዛት እነዚያ ሽማግሌዎች አሳዘኗት፤ በእሷ ጦስ ስንት ቀን ተንከራተቱ። በማግሥቱ ጠዋት ማርሞሬክ ላይ ቆመች፣ ዞረች፣ እጅ ነሥታ ደብዳቤዋን በሁለት እጇ ተቀበለች። ባዘዘው ድል እንዳደረገ ሰው ደረቱን ነፋ። ቄስ ንብረት ግን ፊታቸው ጨለመ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ? ነገም እኮ ቀን ነበር» አሏት።

ማኅበሩ በዓመታዊ ሪፖርቱ ውሳኔው በሠላሳ ስምንት ቀን ውስጥ በሚያኮራ ዲሲፕሊን መፈጸሙን አበሠረ፤ ቦሬካስ ታደለ፤ ሁሉም በየወንበሩ ተመለሰ። ማናለሽም ብቻዋን መሄዷን ቀጠለች። አንዳንዴ ሳታስበው ዞር ትላለች፤ ከኋላዋ ማንም የለም፤ ይከፋታል።

ሁለት ወር እንዳለፈ አያ ባዘዘው ሰነድ ሳይታቀፍ በሯን አንኳኳ። ቀበቶው ወደ ድሮ ቀዳዳው ተመልሷል።

«እንደምን ከረሙ፣ ወይዘሮ ማናለሽ?» አለ። አንቱ ብሏት አያውቅም ነበር። «እኔም ስኳር አለብኝ፤ ስንከተልዎ በነበረ ጊዜ ወርዶ ነርሷ አጨብጭባልኝ ነበር። አሁን ታጥቦ ጭቃ ሆኛለሁ። ነርሷም መርፌ እንጀምር አለችኝ። የቄስ ንብረትም ጉልበት ተመልሶ ተያዘ።»

«እግዜር ይማርዎ፣ አያ ባዘዘው። ታዲያ ለምን ወጣ ብላችሁ አትሄዱም?»

«በምን ጉዳይ?» አለ ባዘዘው፣ ከልቡ ግራ ተጋብቶ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቫዓዱ አንድ ነገር አስቧል። በደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም ትንሽ የተጣመመ ይመስላል። ቢመልሱልን አርመን፣ ነገ ጠዋት ከኋላዎ ይዘነው እንመጣ ነበር። ብቻ እባክዎ፣ እንዳይቆሙልን።»

ማናለሽ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገባችና ደብዳቤውን አመጣች። ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ግን አልለቀቀችውም።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ይማሉልኝ።»

«ምን ልማል?»

«ምን ብታዝኑልኝ፣ ይቅርታ አድርጋችሁ ወደ ማኅበሩ እንዳትመልሱኝ።»

ባዘዘው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለ።