የበጋ ንስሐ

የተለወጠ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እሑድ እጁን ያነሣል፣ ሰኞ ለመንደሩ ያበሥራል፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ቁጭ ብሎ መመለሻውን ይጠብቃል። እኛ ሚዛን ተፈሪዎች ለዚህ ስም አለን፦ የበጋ ንስሐ። አስፋልት ሳይመጣ በፊት ወደ ቴፒ የሚወስደው መንገድ በደረቁ ወራት እንደ ልብ ያስኬድ ነበር። ዝናብ ሲጀምር ግን መንገዱም የለም፣ የሾፌሩም ትዕግሥት የለም።

ክቡር አቶ ተረፈ፣ የኢሱዙ ሾፌር፣ የሚዛን ቴፒ መስመር የስድብ ሊቅ፣ የተለወጠው በጥር ነው። ወሩ ራሱ አስጠረጠረው።

ጋሽ ተረፈ ተራ ተሳዳቢ አልነበረም። መንገድ የዘጋበትን ሰው ከቅድመ አያቱ ጀምሮ በየትውልዱ ይወርድበታል። ጭነቱ ላይ የተሳፈርን ሰዎች ጭቃ ሲይዘን ብርዱን የምንረሳው በእሱ አፍ ነበር። ቤቱ ሲገባ ግን የሚስቅለት አልነበረም። አንድ ሐምሌ የቀረበለትን ምግብ ከነሳህኑ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ጎረቤት ነንና የሳህኑን ድምፅ እኔም ሰምቻለሁ። በማግሥቱ ባለቤቱ ማናልሞሽ ከቴፒ ወዲያ ጌጫ ከተማ ወንድሟ ዘንድ ሄደች።

በጥር ጌታን ሲቀበል ሽማግሌ ላከባት። መልሷ አጭር ነበር፦ "በጋውንማ አውቀዋለሁ። ክረምቱን ያሳየኝ።"

የሌሎቹ የተለወጡ ሰዎች ምስክርነት በየሳምንቱ እየረዘመ፣ ኃጢአታቸውም እያማረ ይሄዳል። የጋሽ ተረፈ ምስክርነት ግን "ቁጡ ነኝ፤ ጸልዩልኝ" የምትል ብቻ ናት። ይህን ብሎ ሲቀመጥ ምእመናኑ ትንሽ ቅር ይላቸዋል።

ለውጡን ያየነው መንገድ ላይ ነው። የሚያናድድ ነገር ሲገጥመው ሞተሩን ያጠፋና "አንድ ጊዜ ስጡኝ" ብሎ ይወርዳል። ከመኪናው ኋላ ይሄድና ግንባሩን የጭነቱ መዝጊያ በሆነው ስፖንዳ ላይ ያስደግፋል። ከላይ ሆነን የምናየው ራሰ በራውን ብቻ ነው። ቆይቶ ይመለስና ምንም እንዳልሆነ ይነዳል። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ስድቡ ቶሎ ያልቅ ነበር፤ ጸሎቱ ግን ያስመሻል።

የድሮ ተፎካካሪው ሾፌር ካሣዬ መናኸሪያ ቆሞ ሰማዩን እያየ "ብቻ ይዝነብ" ይል ነበር።

ዘነበ። ወደ ቴፒ ስንሄድ የካሣዬ ኢሱዙ ከዚያ ሲመጣ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ መንገዱን አግድም ዘግቶ አገኘነው። ጋቢናው ውስጥ ማናልሞሽ ተቀምጣለች። ሚዛን ለልቅሶ እየሄደች ነበር። መስታወቱ በላቦት ስለተሸፈነ ጋሽ ተረፈ አላያትም፤ እኔ ግን በእጇ ስትጠርገው አየሁ።

"አቶ የተለወጠው" አለ ካሣዬ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ "እስቲ ያቺን የአያቴን አንዴ በልልኝ። ከጥር ወዲህ ዘር እንደሌለው ሰው ሆኜ ነው የምኖረው።"

ጋሽ ተረፈ መጎተቻ ገመድ አውጥቶ አሰረ። በመኪናው ሲስብ ገመዱ ተበጠሰ። ወርዶ ሊቋጥረው ሲያጎነብስ ካሣዬ ሆን ብሎ ነዳጅ ረገጠ። ጎማው ጭቃውን ከአናት እስከ እግር አለበሰው።

ቀና አለ። ካሣዬ መኪናውን ሊያነሣ ሞክሮ የተወውን የክሪክ ብረት ከጭቃው አነሣ። ካሣዬ ሳቁን አቆመ። ጋሽ ተረፈ ብረቱን ሲያየው ቆየና ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

"አንድ ጊዜ ስጡኝ" አለ። ወደ ኢሱዙው ኋላ ሄደ።

የዚያን ቀን ብዙ ቆየ። ማናልሞሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወረደች፤ ጭቃውን አቋርጣ ከጀርባው ቆመች። ግንባሩን እንደደገፈ "ዛሬን ብቻ፣ ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ" ሲል እኔም ከላይ ሰማሁት።

"ሁልጊዜ እንዲህ ትቆያለህ?" አለችው።

ዞረ። ከጭቃው መሐል የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው።

"እንደ ሰውየው ነው" አለ። "ካሣዬ ጊዜ ይፈጃል።"

ማናልሞሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ካሣዬን ስበን ካወጣነው በኋላ ሻንጣዋን ከእሱ ጋቢና አውርዳ የእኛ ውስጥ ገባች። የእኛ መኪና የሚሄደው ወደ ቴፒ፣ እሷ ወደ መጣችበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ በሚኒባስ ብሄድ ቀድሜ እደርሳለሁ። እኔ ግን ዛሬም የጋሽ ተረፈን ኢሱዙ እጠብቃለሁ። በቀደም ደረቅ አስፋልት ላይ ድንገት ሲያቆም ከማጂ የመጣ እንግዳ ተሳፋሪ አጠገቤ ነበር።

"ምን ተበላሸ?" አለኝ።

ወደ ኋላ አየሁ። ራሰ በራው ስፖንዳው ሥር ዝቅ ብሏል።

"ምንም አልተበላሸም" አልኩት ድምፄን ቀንሼ። "አንድ ጊዜ ስጠው።"