የአዕዋፍ መመገቢያ ጣቢያ

ሰው እሑድ ዕለት የሚሠራው ሲያጣ መተኛት አለበት። ቀልዴን አይደለም። ተነሥቶ ጓሮ የወጣ ሰው አንድ ነገር ማሰቡ አይቀርም፤ ያሰበም አንድ ነገር መሥራቱ አይቀርም፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ሳይታዘዝ አንድ ነገር የሠራ ሰው መጠራቱ አይቀርም። እኔ ጎፋ ከምትገኘው የቀበሌ ቤቴ ጓሮ ወጥቼ ያሰብኩት ግን ስለ መንግሥት አልነበረም። ስለ ወፍ ነበር።

ከወፍ የበለጠ ንጹሕ ነገር አለ? ወፍ አይደራጅም፣ መዋጮ አይጠይቅም፣ መፈክር ቢያሰማም ትርጉሙን የሚያውቅ የለም። እንዲህ ብዬ ነበር የተዘናጋሁት።

ነገሩ የመጣው በመሥሪያ ቤት በኩል ነው። ያኔ የንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ። ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ አንድ መሐንዲስ አብሮን ይሠራ ነበርና፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ጠረጴዛው ለኔ ደረሰኝ፤ መሳቢያው ውስጥ የቀሩት መጽሔቶችም አብረው ደረሱኝ። በአንደኛው ላይ አንዲት አሮጊት በረዶ ውስጥ ቆመው፣ ከዛፍ የተንጠለጠለች ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ጥራጥሬ ሲጨምሩ ፎቶ ተነሥተዋል። ዙሪያቸውን ቀይ ወፍ፣ ሰማያዊ ወፍ፣ ቢጫ ወፍ፣ እንደ ሠርግ ዕድምተኛ ተሰብስቧል። እኔ ጓሮ ያለው ድንቢጥ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን የሚቀመጠው ፊቱን ወደ ጎረቤት አዙሮ ነው። ቀናሁ። እንዴት ነው በዚያ ሁሉ ብርድ እዚያ የሚሰበሰበው ወፍ፣ ፀሐይ እያለ እኛን የሚንቀን?

አንድ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ፣ ጠርዙን ቀጥቅጬ፣ ጓሮ ካለችው የኮክ ዛፍ ላይ በሽቦ ሰቀልኩ። ባለቤቴ ወይንሸት ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆና ስታየኝ ቆየች።

«ለዶሮ ነው?» አለችኝ።

«ለወፍ ነው።»

«የማን ወፍ?»

«የማንም።»

«የማንም ላልሆነ ወፍ የኛን ስንዴ?»

ስንዴ እንዳልሆነ አስረዳኋት። ከህብረት ሱቅ ተሰልፈን የምናመጣው እህል ግማሹ እንክርዳድ፣ ግማሹ ጠጠር ስለነበር፣ እሷው ለቅማ የምትጥለውን ነበር ቆርቆሮው ላይ የምበትነው። ድንቢጦቹ መጡ፤ ቀመሱ፤ ምንቃራቸውን ሽቦው ላይ ጠርገው ሄዱ። እንዴት አልናደድ? እኛ ያንኑ አስፈጭተን እየበላን፣ ስብሰባ ላይ አቅርቦቱ መሻሻሉን በጭብጨባ ስናረጋግጥ፣ አንዲት አውራ ጣት የምታክል ፍጡር ተጸየፈችው!

ስለዚህ መስተንግዶውን ከፍ አደረግሁ። የፓፓያ ልጣጭ አኖርኩ። የገብስ ቆሎ ፍርፋሪ ጨመርኩ። በመጨረሻም፣ ወይንሸት ገበያ በወጣችበት ሰዓት፣ በራሽን ከምናገኘው ስኳር አንድ ማንኪያ በውሃ በጥብጬ በሲኒ ሰቀልኩ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ጭራቸው ከሰውነታቸው የሚረዝም ቡናማ ወፎች በመንጋ መጥተው ፓፓያው ላይ ተንጠለጠሉ። ጎጆዋን እንደ ስፌት የምትሠራው ቢጫ ወፍ መጣች። ዋኖሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተጎማለሉ መጡ። ስኳሩ ላይ ደግሞ፣ ላባዋ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ፣ ምንቃሯ እንደ መርፌ ቀጥኖ የጎበጠ አንዲት ወፍ አየር ላይ ቆማ ጠጣች። ወይንሸት ስለ ስኳሩ ልትቆጣ ወጥታ፣ ቁጣዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል የምትለቅመው ፊቷን ወደ ኮኩ አዙራ ሆነ፤ ሲጠይቋት ግን «ብርሃኑ ወደዚህ ስለሚሻል ነው» ትላለች።

መጀመሪያ የመጣብኝ ጋሽ ፈይሳ ነው። ጋሽ ፈይሳ የኛ ቤት ሳይሠራ፣ ሠፈሩም ሠፈር ሳይባል እዚያ ሲያርሱ የኖሩ ቤተሰቦች ልጅ ነው። ከወንዙ ዳር ትንሽ የስንዴ ማሳ ቀርታለታለች፤ በሥራ ቀን ወፍጮ ቤት ይጠብቃል። በአጥራችን ላይ ራሱን አሾልኮ ኮኩን ሲያይ ቆየና፦

«ታደሰ፣ ጤና ነህ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ ፈይሳ።»

«የሰውነትህን አይደለም የጠየቅሁህ።»

በጣቱ ትከሻውን አሳየኝ።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ወንጭፍ ሳሽከረክር ትከሻዬ ወለቀ። አንተ ቆርቆሮ ሰቅለህ ትጠራቸዋለህ። ቁርሳቸውን አንተ ጋ በሉ፤ ምሳቸውንስ የት የሚበሉ ይመስልሃል?»

እስኪጠግቡ እንደማበላቸው ቃል ገባሁለት። ወፍ ጠግቦ «ይብቃኝ» ሲል ሰምቼ እንደማውቅ ጠየቀኝና፣ መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

ከሳሼ ግን ጋሽ ፈይሳ አልነበረም። እሱ የሚለውን ፊት ለፊት የሚል ሰው ነው። ማን እንደከሰሰኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በዚያ ዘመን ይህን ለማወቅ መሞከርም ሁለተኛ ክስ ያስከትል ነበር። ብቻ አንድ ማለዳ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ በር ላይ ቆሞ የቀበሌው ሊቀመንበር እንደሚፈልጉኝ ነገረኝ። ወይንሸት ጋቢዬን አጣጥፋ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ቀበሌ ሲጠሩ ጋቢ ይዞ መሄድ የዘመኑ ጨዋነት ነበር፤ ስንት ሌሊት እንደሚታደር የሚያውቅ የለማ። ስወጣ ዞሬ አየኋት። ዓይኗ ኮኩ ላይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ወፎቹን እያየች አልነበረም።

ሊቀመንበራችን ጓድ ተሰማ ከአብዮቱ በፊት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ሕዝብ ሲሰበሰብ እስከዚያን ጊዜም «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!» ማለቱን አልተወም። እኔን ግን ጠጋ በል አላለኝም። በር ላይ እንደቆምኩ፣ ሰፊው ሕዝብ ለእህል ተሰልፎ ባለበት ሰዓት እህል ለወፍ መበተን ምን እንደሚባል አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ እንክርዳድ ነው ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። የህብረት ሱቁ ስንዴ እንክርዳድ አለበት ማለት ራሱ ምን ይባላል?

«አሻጥር ይባላል» አለ ጓድ ተሰማ፣ እኔ ስላልመለስኩ።

በዚያች ቃል የሄዱና ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ያኔ ነው እጄ ራሱ፣ እኔ ሳላዘው፣ ከቤት ስወጣ ከጋቢው ሥር የሸጎጥኩትን ያንን መጽሔት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖረው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ በወንድም ሶሻሊስት አገር ያለ ልማድ ነው» አልኩ።

ጓድ ተሰማ አሮጊቷን አየ፤ በረዶውን አየ፤ ወፎቹን አየ። የተጻፈው በጀርመንኛ ነው። እሱ ጀርመንኛ አያነብም፤ እኔም አላነብም። የወንድም አገር ነገር መቃወም ግን በየትኛውም ቋንቋ ምን እንደሚያስከትል ሁለታችንም አሳምረን እናነባለን። ቀስ ብሎ መጽሔቱን ዘጋ።

«ታዲያ ይህን ልምድ ለብቻህ ያዝከው?» አለኝ።

አያችሁ ክሱ እንዴት እንደዞረ? ወፍ ስላበላሁ የገባሁበት ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ወፍ ስላላበላ ጥፋተኛ ሆንኩ። በዚያው ዕለት ሕዝቡ ተጠርቶ፣ እያንዳንዱ አባወራ በግቢው አንድ አንድ እንዲሰቅል መመሪያ ወጣ። ስሙ ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ተከራከርን። «የወፍ ቆርቆሮ» ያለው ሰው ተገሠጸ። በመጨረሻ «የአዕዋፍ መመገቢያ ጣቢያ» በሚለው ተስማማን። እኔም የጣቢያዎቹ ባለሙያ ተብዬ ተሾምኩ፤ ጋቢዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ወይንሸት ደስታዋ በእንባ ጀምሮ በስድብ አለቀ።

ጎፋ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆነ። ጥበቃዎቹ በየግቢው እየዞሩ ያያሉ፤ የሚያዩት ግን መሰቀሉን እንጂ ውስጡን አይደለም። ሕዝቡም ይህን ባንድ ቀን ደረሰበትና ባዶውን ሰቀለ። ወፎቹ መጡ፤ ከአንዱ ባዶ ቆርቆሮ ወደ ሌላው ባዶ ቆርቆሮ ዞሩ፤ ተስፋ ቆርጠው በሙሉ ኃይላቸው ጋሽ ፈይሳ ማሳ ላይ ወረዱ። ጋሽ ፈይሳም ጣቢያውን ማሳው መሐል ተክሎ፣ ወንጭፉን ይዞ ከሥሩ ቆመ። ጥበቃዎቹ ምን እያደረገ እንደሆነ ቢጠይቁት፣ ቆርቆሮው የቀበሌው፣ ወንጭፉ የራሱ መሆኑን ነገራቸው።

እኔንስ ማን ሰላም ይበለኝ? ህብረት ሱቅ ስሰለፍ ከፊቴ ያለው ወደ ፊት፣ ከኋላዬ ያለው ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ቀን ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ዞር ብላ፦

«አቶ ታደሰ፣ እርስዎ ባለሙያ አይደሉ?» አለችኝ። «ለኛስ መቼ ነው እንዲህ ያለ ቆርቆሮ የሚሰቀልልን?»

የሳቀ የለም። እኔም እግሬን አየሁ።

ከዚያ ጓድ ተሰማ ጠራኝ። ከቀበሌያችን በላይ ካለው አስተዳደር፣ ከከፍተኛው፣ አንድ ትልቅ ጓድ ጣቢያዎቹን ሊጎበኙ ነው። ስለዚህ በጉብኝቱ ዕለት ቀበሌው ግቢ ውስጥ ወፍ መኖር አለበት፤ በርከት ያለ፣ ዓይነቱም ልዩ ልዩ የሆነ። ወፍ በመጥሪያ እንደማይመጣ ልነግረው ሞከርኩ።

«ወፎቹ ካልመጡ አንተ ትመጣለህ» አለኝ።

በፍርሃት መጽሔቱን ገለጥኩ። በአንድ ሥዕል ላይ አሮጊቷ ከዛፉ ቅርንጫፍ ስብ አንጠልጥለዋል። ይህንኑ አሳየሁት። ምነው እጄን በቆረጠው! ጓድ ተሰማ ዓይኑ በራ። ትንሽ ነገር የማይወድ ሰው ስለነበረ፣ ጥበቃዎችን ወደ ቄራ ልኮ ጋሪ ሙሉ ስብና አንጀት አስመጣ፤ በግቢው አጥር፣ በባንዲራው ምሰሶ ሥር፣ በስብሰባው አዳራሽ ጣሪያ ላይ ሳይቀር አሰቀለ። እዚያ አገር ስብ የሚበላው ቡጢ የሚያክል ወፍ መሆኑን፣ እዚህ አገር ግን ስብ የሚወድ ሌላ መሆኑን ልነግረው ነበር። «ባለሙያው ይረፍ» አለኝ።

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። መመሪያው በዚያው ሳምንት ተነሣ። ቆርቆሮው ሁሉ ወርዶ ቡና መቁያና ውሃ መቅጃ ሆነ፤ እኔም ከሹመቴ ያለ ምስጋና ወረድኩ። ጓድ ተሰማ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ «ተዛወረ»፤ የት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ጥያቄ ነው።

በጉብኝቱ ዕለት ሕዝቡ ከማለዳው ጀምሮ ግቢው ውስጥ ተሰልፏል። ትልቁ ጓድ ከመኪናቸው ወረዱ፤ ጭብጨባ ሆነ፤ ወደ አዳራሹ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ጣሪያው ላይ ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን አንጠልጥለው በረድፍ ተቀምጠዋል። በላያችን ጭላት ይዞራል። አጥሩ ላይ ቁራ ሰፍሯል። ባንዲራው ሥር ደግሞ ራሱ የተመለጠ፣ ከአንገቱ ሥር ከረጢት የተንዠረገገበት አንድ ግዙፍ አባ ኮዳ፣ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ባለሥልጣን ክንፉን አጥፎ ቆሟል። አንዳቸውም ድምፅ አያሰሙም። አንጀቱን ጨርሰው እንኳ አልሄዱም፤ ዝም ብለው ወደ ታች ያያሉ።

ትልቁ ጓድ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ጓድ ተሰማ፣ ምንድን ናቸው እነዚህ?» አሉ።

«ወፎች ናቸው፣ ጓድ።»

«ማንን ነው የሚጠብቁት?»

እጅ አውጡ ያለን ማንም አልነበረም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ፣ ያለ አንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ ዞሮ ጓድ ተሰማን አየ።