ሰላዩን ከጠላቱ ያስታረቅንበት ዕለት

እኔ የምለው፣ በውጭ ፊልም ላይ ሁለት ሰው መሀል ገበያ ሲደባደብ ዙሪያውን ያለው ሕዝብ ምን ሆኖ ነው የሚሸሸው? አንድ እንኳ «ኧረ በማርያም!» የሚል ይጥፋ? እኛ ደባርቅ እጅ ገና ሲነሣ ሦስት ሰው ይይዘዋል። እንዲያውም ፈሪ የሚደፍረው ገላጋይ አይቶ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ መናኸሪያ ውስጥ ከአንድ ግዙፍ የአውቶቡስ ረዳት ጋር ተጣልቼ፣ ገላጋይ እስኪደርስ ድረስ ኮቴን በጣም ቀስ ብዬ ነው ያወለቅሁት።

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ከባሕር ማዶ የፊልም ሰዎች ከተማችን መጥተው ነበር። ያ የሰላዩ ፊልም፣ ክፍል ሁለት! ክፍል አንድን ቪዲዮ ቤት ገብቶ ያላየ የደባርቅ ሰው የለም። መጥፎው ሰውዬ የሰላዩን ወንድም ገድሎ ያመለጠበት ነው። አሁን ሊገናኙ ነው። የት? የእኛ ገበያ መሀል! የፊልም ሰዎቹ ሄሊኮፕተር በቡይት ራስ ተራራ በኩል ሲመጣ በቅሎው ሁሉ ደነበረ። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝና አስተርጓሚ ተደረግሁ። ገበያተኛውንም ሰብስቤ፣ ሥራችሁ ቀላል ነው፣ ቡጢ ሲጀመር ጮኻችሁ መሸሽ ብቻ ነው አልኋቸው። ሽሽት ምን ያስቸግራል?

አስቸገረ እንጂ! ሰላዩ ቡጢ እንደ ሰነዘረ ሕዝቡ ትንሽ ሸሸና አላስችል ብሎት ተመለሰ። ጋሽ አያልነህ፣ በሽምግልና ስማቸው የታወቀ የደረስጌ ሰው ናቸው፣ የሰላዩን ክንድ ጥርቅም አድርገው ያዙ። ድንች ሻጯ እትዬ ጥሩዬ መጥፎውን ሰውዬ ጎትተው ጆንያቸው ላይ አስቀመጡት፣ ውሃም ሰጡት። ዳይሬክተሩ ጮኸ። እኔም ሮጥሁ።

«ጋሼ፣ ውሸት እኮ ነው! ትወና ነው!»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ? እኔም የገላገልሁት የውሸት ነው።»

ሁለተኛው ቀረጻ ላይ ባሰ። ያ ከሕንፃ ሕንፃ የሚዘል ሰላይ ከጋሽ አያልነህ እጅ መውጣት አቃተው። ዳይሬክተሩ ቆቡን መሬት ጣለና፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክራለን፣ አሁንም ከተበላሸ ነገ ዳባት እንሄዳለን አለኝ።

ዳባት! ጎረቤታችን፣ የሚስቴ አገር እኮ ነው። አማቾቼን ስለማታውቋቸው ነው። ሽሹ ቢባሉ መሸሽ እንኳ ያቃታቸው ደባርቆች ተብለን እስከ ልጅ ልጅ ልንሰደብ ነው። ሕዝቡን የሰበሰብሁት ደግሞ እኔ። ከልቤ ፈራሁ።

ጋሽ አያልነህን ለብቻ ወስጄ ለመንኋቸው። ለመሆኑ ምን አጣላቸው አሉኝ። እኔ ሞኙ፣ ወንድሙን ገድሎበት ነው አልኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ደም ተቃብተው ኖሯል! በል እንግዲያ አልገላግልም። ደም ያለበትን ገላግሎ መተው ጠብን ለነገ ማሳደር ነው።»

አልገላግልም ማለታቸውን ብቻ ሰምቼ እፎይ አልሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሦስተኛው ተጀመረ። ሕዝቡ እንዴት ሸሸ መሰላችሁ! እትዬ ጥሩዬማ ድንቻቸውን በትነው ነው የሮጡት። ሰላዩ ጠላቱን ጥሎ፣ ሽጉጡን ደግኖ፣ የወንድሙን ስም ጠራ። ይህኔ ጋሽ አያልነህ ከጆንያው ጀርባ ብቅ አሉ። ድንጋይ ይዘዋል። መቼም በአገራችን ደም ሲታረቅ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል፣ ተበዳይ ያወርድለታል። መጥፎውን ሰውዬ አንበረከኩና ድንጋዩን ጫንቃው ላይ ጫኑበት። ከዚያ ወደ ሰላዩ ዞሩ።

«አውርድለት ልጄ። የሞተው አይመለስም። አንተ ግን ዕረፍ።»

ሰላዩ አማርኛ የት ያውቃል? እኔም ደንግጬ አልተረጎምሁለትም። ግን ሽማግሌውን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ሽጉጡን መሬት አስቀመጠና አወረደለት። ተቃቀፉ። የሸሸው ገበያ በእልልታ ተመለሰ። እኔም አለቀስሁ፤ ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።

ዓይኔን ጠርጌ ዳባት እስክባል ጠበቅሁ። ለካ ዳይሬክተሩ ካሜራውን አላስቆመም ኖሯል። እሱም ያለቅሳል። ፊልሙ እዚህ ላይ ያልቃል አለኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ ነው።

ፊልሙ ወጣ። አማቾቼ ሳይቀሩ ከዳባት በሚኒባስ ታጭቀው መጥተው፣ መቀመጫ አጥተው ቆመው አዩት። ጋሽ አያልነህ ብቅ ሲሉ ቪዲዮ ቤቱ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። የሚስቴ ታላቅ ወንድም ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ድንቹ የዳባት ድንች ነው አለ። ያሸነፈ ሰው ምን ይከራከራል?

ቆይቶ ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። ክፍል ሦስት ሊሠሩ ነው፤ ሰላዩና ጠላቱ እንደገና ይጣላሉ። ሰላምታውን ለጋሽ አያልነህ ሳደርስ ይህንንም ነገርኋቸው። ተቆጡ።

«የታረቀ ደም የቀሰቀሰ የተወገዘ ነው ብለህ ንገረው!»

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ደውዬ ነገርሁት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውግዘቱ የሚይዘው ደራሲውን ብቻ ነው ወይስ እኔንም ጭምር አለኝ። ሁላችሁንም አልሁት።

ክፍል ሦስት መቅረቱን የሰማሁት በሳምንቱ ነው።