ለአንድ ቁልፍ አንድ ቀዳዳ

አበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ ሳይጠየቅ ስለ ትዳር የሚያስተምር ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ሌላው ስንት ሰው መውደድ እንደሚገባው ቁጥሩን በልቡ ይዞ ይዞራል። ለአንዳንዱ ቁጥሩ ሁለት ነው፤ ለአንዳንዱ «እንደ አቅሙ» ነው። አጥብቆ «አንድ!» የሚለው ግን ከሁሉም ይለያል። የእሱ ጩኸት እምነት ብቻ አይደለም። ጅብ ያለበትን መንገድ የሚያቋርጥ ሰው እየጮኸ የሚሄደው ወሬ አምሮት እንዳይመስላችሁ።

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ጯሂው ክቡር አቶ ጀምበሬ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ከአንድ ሻወርማ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሱሪ እግር ሲያሳጥሩ፣ የኮት ወገብ ሲያጠቡ ሃያ ዓመት ከርመዋል። ሰፈሩ «ሊቀ ትዳር» ብሎ የሾማቸው ግን በመቀሳቸው ሳይሆን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ለአንድ ቁልፍ አንድ ቀዳዳ!»

ይህችን የማይሏት ቦታ አልነበረም። ክርስትና ላይ የከርከዴ ብርጭቋቸውን አንስተው ይሏታል። ለቅሶ ቤት፣ ሟቹ ሁለት ቤት እንደነበረው የሚያውቁ ሰዎች እግራቸውን እየረገጧቸው ይሏታል። ሚኒባስ ውስጥ ሒሳብ ለሚሰበስበው ኩምሳሪ በዐረብኛ ተርጉመው ይሏታል። ኩምሳሪውም «ወላሂ እውነትህን ነው፣ ያ ዐም፤ ለአንድ ሰው አንድ ወንበር። በል ጠጋ በል» ብሎ ሁለት ሰው በተቀመጠበት ላይ ሦስተኛ ይጨምርባቸዋል።

ስለሺ የሚባል ጎረምሳ ሱሪውን ሊያሰፋ የመጣ ዕለት የሆነው እስከ ዛሬ ይወራል።

«ጋሼ፣ ወገቡን ትንሽ ይልቀቁልኝ።»

«የትኛዋ ናት ያወፈረችህ?»

«ምኗ?»

«የአል-ጣኢፍ ሰፈሯ ናት የጅሬፏ? አልሰማሁም መሰለህ?»

«ኧረ ጋሼ! የአል-ጣኢፏ እኮ የአክስቴ ልጅ ናት።»

«የአክስትህ ልጅ ናት ዓርብ ዓርብ ሽቶ አርከፍክፈህ የምትሄድላት? ቁጭ በል!»

ሱሪው በእሳቸው እጅ ስለነበር ስለሺ መሄጃ አልነበረውም። ፎጣ አገልድሞ የሠርግም የፍቺም የሚሆን ትምህርት ሰምቶ ወጣ። ሱሪው ሲያልቅ ከበፊቱ ጠቦ ተገኘ ይባላል።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን የግድግዳ ጎረቤታቸው ፈድለላ ነበር። ፈድለላ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ የሚሸጥ፣ ሳቅ የማያልቅበት ሱዳናዊ ነው። ሁለት ሚስት አለው። የመጀመሪያዋ ነዳ፣ ሁለተኛዋ መጅዳ ይባላሉ። አቶ ጀምበሬ ጠዋት ጠዋት ከሱቃቸው ብቅ ብለው «ለአንድ ቁልፍ አንድ ቀዳዳ፣ ያ ፈድለላ!» ሲሉት እሱ የለበሰውን ሰፊ ነጭ ጀላቢያ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያሳያቸዋል።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ የኔ ልብስ ቁልፍ አለው? እየው እስቲ። ከፊትም ከኋላም ይለበሳል።»

መልስ ያጣ ሰው ክፉ ይሆናል። መጅዳ ለባሏ ቁርስ ይዛ ብቅ ባለች ቁጥር፣ ሊቀ ትዳር መርፌያቸውን በከንፈራቸው እንደያዙ ለአበሻ ደንበኞቻቸው በአማርኛ «ትርፏ ቁልፍ መጣች» ይላሉ። «ፋብሪካ ከሸሚዝ ጫፍ ሥር የሚሰፋት ዓይነት። ድንገት አንዱ የተበጠሰ ቀን ይጠቅማል ብሎ!» ደንበኛው ይስቃል። መጅዳ ሳህኗን አስቀምጣ፣ ቶቧን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ትሄዳለች። ስድስት ዓመት እንዲሁ ሄደች።

ይህ ሁሉ ጩኸት ከየት መጣ ያለ ሰው ካለ፣ ከጋይንት ነው የመጣው። የአቶ ጀምበሬ አባት እህል ነጋዴ ነበሩ፤ አንዱ ቤታቸው ከወንዝ ወዲህ፣ ሌላው ከወንዝ ወዲያ። አንድ ክረምት ወንዙ ሞላ። እናታቸው «ከዚያችኛዋ ዘንድ ከርሞ ነው» ብለው አኮረፉ፤ ያችኛዋም በበኩሏ አኮረፈች። ሁለቱ ቤቶች በየበኩላቸው አኩርፈው፣ ፈላጊ ሳይወጣ ሰነበተ። የሰውየው በቅሎ ኮርቻዋ ወደ ሆዷ ዞሮ ብቻዋን ስትመጣ ነው እሪታ የተሰማው። ሁለት ቤት ያለው ሰው ሲጠፋ የሚፈልገው እንደሌለ ሕፃኑ ጀምበሬ ያን ቀን ተማረ። ይህን በካርቱም የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ አቶ ጀምበሬ አንድ ቤትና አንድ ሰው ያዙ። አንድ ብቻ ያለው ሰው፣ ያችው አንዷ ስትታመምበት ምን እንደሚሆን ግን የሚያስተምር ወንዝ አልገጠማቸውም።

ደቡብ ሱዳን ተገንጥሎ ኑሮ እሳት በሆነ ሰሞን ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሆዳቸውን ደግፈው መቀመጥ ጀመሩ። ከዚያ ቆመው ማብሰል አቃታቸው። ሐኪሙ የማህፀን ዕጢ ነው፣ ቶሎ መውጣት አለበት፣ ሳይወጣ ምንነቱን መናገር አልችልም አለ። «ምንነቱ» የምትለዋ ቃል አቶ ጀምበሬ ሆድ ውስጥ እንደ ተዋጠ መርፌ ቀረች። ሲቀመጡም ትወጋቸዋለች፣ ሲነሱም።

ወደ ሶባ መዳረሻ ባለ አንድ ሆስፒታል ቀጠሮ ተያዘ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አስተኟቸው። አቶ ጀምበሬም የሌሊት ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ከአልጋው አጠገብ ወንበር ሳቡ። የሴቶቹ ክፍል ነርስ መጣች።

«የታማሚዋ ሙራፍቃ የታለች? አብራት የምታድረዋ ሴት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተማ ወንድ ነህ።»

«ባሏ ነኝ!»

«ባልም ቢሆን ወንድ ነው፣ ያ ዐም። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲል ወንድ ሁሉ ይወጣል። የምታድር ሴት ከሌለች ኦፕራሲዮኑ ይተላለፋል። ልጅ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እህት?»

«አገር ቤት።»

«ሌላ ሚስት?»

እየቀለደች አልነበረም። ብርድ ልብስ ይዛችኋል ወይ ብላ እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀችው። አቶ ጀምበሬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሃያ ዓመት የተዘጋጁበት ጥያቄ ነበር። ምንም አልወጣቸውም።

ወጥተው በሩ አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆመው ስልክ ይደውሉ ጀመር። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሁሉ በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። ህሊና እንኳን፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩዋት፣ ድምፅዋን ቀንሳ «ጋሼ፣ ማዳሟ ዓርብ ካልሆነ አትለቀኝም። ብወጣ በሩን አትከፍትልኝም። ይቅር በሉኝ» አለች። ሌሎቹም ያንኑ አሉ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ክፍሉ ውስጥ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ «ይተላለፍ፣ ምን ቸገረ» ብለዋል፤ ሲሉ ግን የአንሶላውን ጠርዝ ጨምድደው እንደያዙት አይተዋል። የሚያልፍ ሁሉ ሐኪም ይመስላቸዋል። ሐኪም ሁሉ «ምንነቱን» ሊነግራቸው የመጣ ይመስላቸዋል። ዛፉን ተደገፉ።

ለፈድለላ ደወሉ። ነዳን ነበር የፈለጉት፤ በእሳቸው ትምህርት ሚስት የምትባለው እሷ ናትና።

«ፈድለላ፣ ነዳን…» አሉ።

«ምን ሆንክ? ነዳማ ለቅሶ ሄዳለች፣ ነገ ነው የምትገባ። የት ነህ? ያ ዙል፣ የት ነህ?»

ነገሩት። ሰላምታም ሳይሰጥ ዘጋው።

አምጃዷ፣ ያቺ የፈድለላ ትንሽ መኪና፣ አቧራ እያስነሳች ስትደርስ የመግሪብ አዛን ሊጮህ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መጅዳ ምንጣፍና ፔርሙስ ይዛ ወረደች። አቶ ጀምበሬ በዐረብኛ ምስጋና ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው። ያቋረጠቻቸው በአማርኛ ነው።

«ጋሼ ጀምበሬ፣ የታመመች የት ነው?»

«አማርኛ… ትችያለሽ እንዴ?»

«እናቴ ጎንደር። ትንሽ ትንሽ እችላለሁ። መስማት ግን ሁሉን እሰማለሁ።» ፔርሙሱን ወደ ሌላ እጇ አዞረች። «ትርፍ ቁልፍ እኔ ነው። ለዚህ ቀን አይደል የሚሰፉት?»

መልስ ሳትጠብቅ ገባች። አቶ ጀምበሬ መሬት ብትዋጣቸው በወደዱ፤ ግን ለመዋጥም ጊዜ አልነበረም፣ ነርሷ ወንዶቹን ታስወጣ ነበር። ያቺ ሌሊት እንዴት እንደነጋች እንተወው።

ጠዋት ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧቸው። ሁለቱ ባሎች ከግቢው በር ውጭ፣ ሻይ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የአቶ ጀምበሬ ሻይ በእጃቸው እንዳለ በረደ። አንድ አልጋ እየተገፋ በበሩ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነበር። ብድግ አሉ። ፈድለላ ጀላቢያውን ሰብስቦ ሮጦ ጠይቆ መጣ። «ሽማግሌ ሰውዬ ነው። ቁጭ በል።» ቁጭ አሉ።

«ፈድለላ» አሉ ቆይተው፣ «ሁለት ሲሆኑ ፍርሃቱ ይቀላል?»

«ማን አለህ? ነዳ ካሳለች መጅዳ ጋ ሆኜ እንቅልፍ አይወስደኝም። መጅዳ ስትወልድ ነዳ ናት እጄን ይዛ ‹ተቀመጥ፣ ወለሉን ጨረስከው› ያለችኝ። ፍርሃት እንደ ዳቦ ለሁለት የሚቆረስ መሰለህ? እኔ ሁለት ጊዜ ነው የምፈራው።»

«ታዲያ ለምን ደገምክ?»

ፈድለላ ብርጭቆውን አየ። ያ የማያልቅ ሳቁ የት እንደገባ አይታወቅም። «ነዳ አንድ ጊዜ ሞታ ተመልሳለች። ወባ ነበር። ያን ጊዜ ቤቱ ባዶ ሲሆን ታየኝ። እሷ ስትድን እኔ አልዳንኩም። አንተ ለምን በአንድ ቆምክ?»

«ስለፈራሁ ነው» አሉ ሊቀ ትዳር ጀምበሬ።

«እኔም» አለ ፈድለላ።

ሻይ ሻጯ ሳይጠይቋት ቀየረችላቸው። መጅዳ ከበሩ ብቅ ብላ ከሩቅ እጇን ስታወዛውዝ ምን ማለቷ እንደሆነ ሊለዩ አልቻሉም። ለቅሶ ነው? ና ማለት ነው? ቀርባ «ወጣች! ሐኪም ክፉ አይደለም አለ። ዕጢው ክፉ አይደለም!» እስክትል ድረስ አቶ ጀምበሬ የኖሩት ዕድሜ እስከዚያ ከኖሩት ሁሉ ይረዝማል።

በጥየቃ ሰዓት ገቡ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ዓይናቸው ግን ተከፍቶ ተኝተዋል። መጅዳ ከራስጌ ሆና ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ታርሳለች።

«ጸሐይ» አሉ አቶ ጀምበሬ።

«ሌሊት ፈርታ ነበር» አለች መጅዳ። «አንድ ነገር ለመነችኝ።»

«ተይ አንቺ» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ በደካማ ድምፅ።

«እሷ ብትሞት፣ ለጋሼ ሴት ልፈልግ። ጥሩ ሴት። ቶሎ። እሺ አልኩ። ነርሶቹን ሁሉ አየሁ። ጋሼን የምትችል የለም።»

አቶ ጀምበሬ ቀስ ብለው ቀይ፣ ከዚያ ጥቁር ሆኑ። «ሌላ ሴት? ለእኔ? ለጀምበሬ?» ድምፃቸው ተመለሰ። በዐረብኛም በአማርኛም ስብከቱ ፈሰሰ። በአንድ አፍንጫ ሁለት ሽቶ፣ በአንድ ጣት ሁለት የመርፌ ቆብ፣ በአንድ ሬሳ ሁለት መቃብር… ከየአልጋው ራሶች ቀና አሉ። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ የመጀመሪያ፣ አንዳንዶቹ የሁለተኛ ሚስቶች ነበሩ። ከጎን የተኛችው ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ «በነቢ ይዤሃለሁ አታስቀኝ፣ ስፌቴ ሊፈታ ነው!» አለች።

«ዝም በል እስቲ» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። «ለፍቅር መሰለህ እንዴ ያልኩት? ብቻህን ማደር ትፈራለህ ብዬ ነው። ትናንትም መብራቱን አላጠፋህም፣ አይደል?»

ስብከቱ ተቆረጠ። ሳቁም ቆመ። አቶ ጀምበሬ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና፣ በሕመምተኛዋ እጅ ላይ ጉሉኮስ ስለተሰካ፣ የሚስታቸውን እግር ከአንሶላው ላይ ያዙ።

«አላጠፋሁም» አሉ።

«አላልኩሽም?» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ለመጅዳ፣ ዓይናቸውን እየከደኑ።

ቀኑ ሲመሽ ነርሷ ወንዶቹን ልታስወጣ መጣች። አቶ ጀምበሬ ወደ መጅዳ ዞሩ። ለመለመን ድምፃቸው አልለመደም።

«ልጄ፣ ዛሬም ታድሪልኛለሽ?»

«ዛሬ አይደለም። ዛሬ ተራ የነዳ ነው።»

እውነትም ነዳ ከለቅሶ ቤት በቀጥታ፣ እያለከለከች፣ የሾርባ ድስት ታቅፋ በበሩ ገባች። ክፍሉ የራሷ ይመስል «ወንዶች ውጡ፣ ውጡ!» አለች። የመጅዳን ጉንጭ ስማ፣ ጥጡን ከእጇ ተቀብላ ቦታዋ ተቀመጠች። አቶ ጀምበሬ እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ስብከታቸው ውስጥ አላስገቡም ነበር።

ውጭ ፈድለላ አምጃዷን አስነስቶ ይጠብቃል።

«የት ላድርስህ?»

አቶ ጀምበሬ የመኪናውን በር እጀታ ይዘው ቀሩ። ቤታቸውን አሰቡት፤ አንዱን አልጋ፣ ጸጥታውን። እኛ፣ ሃያ ዓመት እግራቸውን የረገጥን፣ በምላሳቸው የተረገጥን ወዳጆቻቸው፣ ያን ጊዜ እዚያ ብንኖር ኖሮ ገፍተን ባስገባናቸው። ግን እዚያ የነበረችው መጅዳ ናት። ከኋላ ወንበር ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች።

«እኛ ቤት» አለች። «ግቢ ሰፊ ነው፣ ጋሼ። መብራት አናጠፋም።»